ሁለት እግር ያለው ሹራብ

እናቴ ካርቱም ውስጥ የሠራችው ሹራብ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም እኔ «አስተካከልኩት»። ታሪኩ በቤታችን መወራት ከጀመረ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነው። አባቴ ሲያወራው ጥፋቴን እጥፍ ያደርገዋል። እናቴ ስታወራው መሃል ላይ ሳቅ ያሸንፋትና መጨረሻው ሳይደርስ ይቀራል። እኔ ግን ከነመጨረሻው አውቀዋለሁ ባይ ነኝ፤ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ብሆንም ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁትን ሁሉ ገልብጬ መረዳቴ ሌላ ጉዳይ ነው።

የምንኖረው ሐጅ ዩሱፍ በሚባል የካርቱም ሰፈር ነበር፤ ሆሽ በሚሉት፣ በጭቃ ግንብ በታጠረ ግቢ ውስጥ። በሩን ሲያልፉ በስተቀኝ የኛ ክፍል፣ በስተግራ የዮሳቤጥና የባሏ የፍሬው ክፍል፣ ፊት ለፊት ደግሞ የግቢው ባለቤት የሀቦባ ቡሰይና ቤት ነው። ሀቦባ ማለት አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ነበር የሚጠራቸው። መሃል ላይ ሁላችንም የምንቀዳበት ትልቅ የውሃ ጋን፣ ዚር፣ ተቀምጧል። እናቴ ሁስና ከወሎ የመጣች፣ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር አንዲት መዳም ቤት የምትሠራ ሴት ነበረች። አባቴ ኑርሁሴን ያቺን ባለ ሦስት ጎማ ረክሻ ይነዳል። ዮሳቤጥና ፍሬው በፖለቲካ ምክንያት የተሰደዱ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ እሱ ኦምዱርማን አንድ ማተሚያ ቤት ይሠራል፣ እሷ ለስደተኞች ማመልከቻ ትጽፋለች። እናቴ አላህ ስትል ዮሳቤጥ ማርያም ትላለች፤ ሽንኩርታቸው ግን አንድ ነበር። እናቴ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የምትለው ዮሳቤጥን እያየች ነው። ያው እስከ ጠቡ ድረስ።

እኔ እዚያው የተወለድኩ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የምውለው ከሀቦባ ጋር ስለሆነ አፌን የፈታሁት በዐረብኛ ነው። አማርኛ ማታ ማታ እናቴ ከሥራ ስትመለስ የምሰማው፣ የደከመው ሰው ቋንቋ ነበር። ስለዚህ አንድ የአማርኛ ቃል ካላወቅሁት፣ ከዐረብኛው የሚመስለውን አንስቼ ቦታው ላይ አስቀምጠዋለሁ። ብዙ ጊዜ ይሠራል። ሳይሠራ ሲቀር ደግሞ ማንም አያውቅም፤ እኔም ጭምር።

ጠቡ የመጣው አንድ አርብ ቀን ነው። አርብ እናቴ ሥራ አትገባም፤ ዮሳቤጥም አርብ አርብ ፊደል ታስቆጥረኛለች። የዚያን ዕለት ከኦምዱርማን የመጡ ሁለት ሴቶች እንግዶች ነበሩባት። እኔ በገመድ የተጠለፈው አልጋ ላይ ከዮሳቤጥ ጎን ተቀምጫለሁ፤ እናቴ ለእንግዶቹ ሻይ ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ዮሳቤጥ ሥዕል እያሳየች «ይኼ ምንድን ነው?» አለችኝ። ድመት ነበር።

«ከዲሳ» አልኳት።

«በአማርኛ?»

አሰብኩ፣ አሰብኩና «ትልቅ ከዲሳ» አልኳት።

እንግዶቹ ሳቁ። ዮሳቤጥም ሳቀች። «ሁስኔ፣ ይቺ ልጅ አማርኛዋ ጠፍቶባታል እኮ!» አለች፤ ቀጥላም ደግ በሆነ ድምፅ፣ «ለምን አንቺም አብረሻት አትቀመጪም?» አለቻት።

እናቴ የሻዩን ትሪ መሬት ላይ አስቀመጠች፣ እጄን ያዘች፣ ይዛኝ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አልተነጋገሩም።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። በዚያው ወር አንድ እግር ጫማዬ ጠፍቶብኝ እናቴ ተቆጥታኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ አማርኛዬ ጠፋ ተባለ። በአንድ ወር ሁለት ነገር መጥፋቱ አናደዳት። አልገባ ያለኝ ግን ዮሳቤጥን ለምን እንደተቆጣቻት ነው። ሰው ቆሞ ሲያዩት ተቀመጥ ቢሉት ምኑ ነው ጥፋቱ?

አሁን ገብቶኛል። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። ወረቀት ሲመጣባት በአውራ ጣቷ ነበር የምትፈርመው፤ ይህን ደግሞ ከግቢው ሰው በስተቀር ማንም አያውቅም። ዮሳቤጥ «ተቀመጪ» ያለቻት እግሯ ስለደከመ አይደለም፤ ከሰባት ዓመት ልጇ ጎን ሆና ሀ ሁ እንድትል ነው፣ ያውም በሰው ፊት። ዮሳቤጥ በቅንነት ነው የተናገረችው። ቅንነትም ቦታውን ሲስት ያማል።

ግቢያችን ሁለት አገር ሆነ፣ እኔም አምባሳደር ሆንኩ። እናቴ ዚሩ አጠገብ ቆማ፣ ዮሳቤጥ በሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ልብስ እያሰጣች፣ «ሉጢ፣ ውሃ ስትቀዳ ክዳኑን ትመልሰው በያት» ትለኛለች። ስሜ ሉጥፊያ ነው፤ ሲቸኩሉ ሉጢ ይሉኛል። ዞር ብዬ፣ በዐረብኛ አክስቴ ለማለት፣ «ኻልቶ፣ ክዳኑን…» እላለሁና እዚያ ላይ አማርኛው ያልቅብኛል። ዮሳቤጥ «እሺ በያት» ትላለች። እናቴ «ሰምቻለሁ በያት» ትላለች። አባቴና ፍሬው ግን መጣላት አልሆነላቸውም። መንገድ ዳር ሻይ ከምታፈላው ሴት ዘንድ እየሄዱ አብረው ይጠጡ ነበር። ሲመለሱ አንደኛው ቀድሞ ይገባል፤ ሌላው ውጭ ትንሽ ተንጎራድዶ፣ ከሌላ አገር የመጣ መስሎ ይከተላል።

ኅዳር መጨረሻ ላይ አባቴ አንድ ማለዳ እየተጣደፈ ገባና «ዮሳቤጥ አራስ ሆናለች፤ ወንድ ነው!» አለ።

በሱዳን አሩስ ማለት ሙሽራ ነው። እኔም ኻልቶ ዮሳቤጥ ሙሽራ መሆኗን ሰማሁ። ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ፦ በሯ ላይ መጋረጃ ተጋርዷል፣ ሴቶች በሳህን ምግብ እያመጡ ይገባሉ፣ እሷ ከቤት አትወጣም። ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ስሰማ ትንሽ ግራ ብጋባም፣ ለሌላ ሙሽራ ብርጭቆ ይመጣላታል፣ ለሷ ሕፃን አምጥተውላታል ብዬ ተውኩት። ሆዷ የት ገባ ብዬ አልጠየቅሁም።

«እኛስ ምን እንሰጣታለን?» አልኳት እናቴን።

የጠየቅኋት ከባድ ጥያቄ መሆኑን የማውቅበት ዕድሜ ላይ አልነበርኩም። እሷ ባደገችበት አገር የተጣላ ሰው እንኳ አራስ ይጠይቃል፤ ሳይጠይቁ መቅረት ከጠቡ የባሰ ነውር ነው። እናቴ ግን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሳትላት አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። በዘገየች መጠን እፍረቷ በዛ፣ እፍረቷ በበዛ መጠን ዘገየች። ከደጃችን እስከ ደጃቸው አምስት እርምጃ ነበር።

አንድ ቀን ከጓሮ ስመለስ የልብስ ገመዱ ላይ ቢጫ ሽዕሪያ ተሰጥቶ አየሁ። ሽዕሪያ ሀቦባ በስኳር የሚሠሩልን ቀጭን ፓስታ ነው። ዘለልኩና አንዷን በጥርሴ ያዝኳት።

«ተዪ አንቺ ልጅ! ክር ነው!» ብላ እናቴ ከቤት ሮጣ ወጣች።

ክር ከሆነ ለምን እንደ ሽዕሪያ እንደተጠማዘዘ ጠየቅኋት። «እንደዚህ ነው የሚመጣው» አለች፤ እንዲቃና ታጥቦ ጫፉ ላይ ድንጋይ ተንጠልጥሎበታል። እኔም ክር ከሱቅ ተጠማዝዞ እንደሚመጣ አምኜ ኖርኩ። ያመንኩት እስካለፈው ዓመት ድረስ ነው። ተጠማዝዞ የሚመጣ ክር እንደሌለ፣ የተጠማዘዘ ክር ሁሉ አንድ ጊዜ ልብስ የነበረ መሆኑን የነገረችኝ አንዲት የደሴ ሹራብ ሠሪ ናት። ደውዬ ስጠይቃት እናቴ አልካደችም። ከወሎ ስትመጣ ለብሳው የመጣችውን፣ ሻንጣዋ ሥር አጥፋ ያስቀመጠችውን ቢጫ ሹራቧን ነበር የተረተረችው። «ለካርቱም ሙቀት ምን ይሠራልኛል ብዬ ነው» አለችኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ግን ለማንም አልሰጠችውም ነበር።

መሥሪያውን ያዘጋጀላት አባቴ ነው፤ ሁለት የብስክሌት ጎማ ሽቦ ቆርጦ ጫፋቸውን በሞረድ አሾለላት። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ይባላል፤ አባቴ ሆድ ለባሳት ሴት ሁለት ሹል ብረት ሰጥቶ ጎኗ ተኛ። ሹራብ መሥራት የተማረችው በልጅነቷ ከጎረቤት ነው። ትምህርት ቤት ባይልኳትም እጇ እንዲፈታ ብለው መርፌ አስይዘዋታል። ከሥራ ስትመለስ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ጀርባዋን ለዮሳቤጥ በር ሰጥታ ትቀመጥና ሽቦዎቹን ታፋጫለች። ረድፍ በጨረሰች ቁጥር በአንድ ጣቷ የክሩን ቀለበቶች ትነካካለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«ምንድን ነው የምትሠሪው ዩማ?» አልኳት።

«ሹራብ።»

«ለማን?»

ዞር ብላ የዮሳቤጥን መጋረጃ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለልጁ። ለገና ነው። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ኸላስ?»

«ኸላስ» አልኳት።

እንግዲህ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሱዳኖች ሹራብ የሚሉት እኛ ካልሲ የምንለውን ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ሀቦባ ጠዋት ጠዋት «ሹራብሽን አድርጊ!» ብለው ይጮሁብኛል፣ እኔም ካልሲዬን አደርጋለሁ። ስለዚህ እናቴ ለሕፃኑ ካልሲ እየሠራችለት መሆኑን ያለ አንዳች ጥርጥር አወቅሁ።

መጀመሪያ የሠራችው አራት ማዕዘን ነገር ነበር። ለካልሲ ሰፋ ብሎ ታየኝ። «ትልቅ ነው» አልኳት። «ያድጋል» አለችኝ። ሁለተኛ አራት ማዕዘን ስትደግም የልጁ እግር አሳሰበኝ። በኋላ ግን ሁለት ቀጫጭን ቱቦ ሠራችና ነፍሴ መለስ አለች፤ እግር ማለት ይኼ ነው። ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ ሰፋቻቸው። አንድ ከረጢት፣ ከከረጢቱ በግራና በቀኝ የወጡ ሁለት እግሮች። አየሁት፣ አገላበጥኩትና በእናቴ ብልሃት ተደነቅሁ። ሕፃን ካልሲውን እየረገጠ ይጥላል፤ እሷ ሁለቱን ካልሲዎች ከከረጢት ጋር አያይዛ፣ ከረጢቱን እስከ ብብቱ ድረስ ሳብ ታደርግለታለች። መቼም አይጠፋበትም። ያ ጫማዬ ከጠፋ ጀምሮ ስታስብበት የኖረችው ነገር መሆን አለበት። በሁለቱ እግሮች መሃል የተተወችውንም ክብ ቀዳዳ አየኋት። ምን እንደሆነች ወዲያው ገባኝ፤ ለሽንት ናት።

በገና ዋዜማ ጠዋት፣ እናቴ ሥራ ልትሄድ ስትል አባቴን እንዲህ ስትለው ሰማሁ፦ «ነገ ካልገባሁ ግን መቼም አልገባም፣ ኑርሁሴን። ከነገ በኋላ በየትኛው ፊቴ?»

«ትገቢያለሽ ኢንሻአላህ» አላት።

ይህን በደንብ ተረዳሁ፤ ምናልባት በዚያ ሰሞን በትክክል የተረዳሁት ይህን ብቻ ነው። ነገ ያ ስጦታ ካልተሳካ ኻልቶ ዮሳቤጥ ለዘላለም የሌላ አገር ሰው ትሆናለች። አርብ አርብም የለም ማለት ነው።

እናቴ ከሄደች በኋላ ከግንቡ ጀርባ ሹክሹክታ ሰማሁና ሄድኩ። አባቴና ፍሬው ረክሻው ሥር አጎንብሰዋል። ፍሬው የዶሮ እግር ይዟል፣ አባቴ ቢላ ይዟል። አባቴ «ቢስሚላህ» አለና አረደው። ሲያዩኝ ሁለቱም እንደ ሌባ ደነገጡ።

«አላየሽም፤ እሺ ሉጢ?» አለኝ ፍሬው። ከረሜላ ሰጠኝ።

የሰረቁት የሀቦባን ዶሮ ነው ብዬ ሮጬ ቆጠርኩ። አራቱም አሉ። ይባስ ግራ ገባኝ፤ ከረሜላውን ግን በላሁት። ነገሩ የተገለጠልኝ ትልቅ ሆኜ ነው። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፤ ስለዚህ በበዓል ቀን ክርስቲያን ለሙስሊም ጎረቤቱ ዶሮ በሙስሊም እጅ ያሳርዳል፣ በሌላ ድስት ይሠራለታል። ያንን ዶሮ የላከችው ዮሳቤጥ ናት። ከወለደች ጀምሮ ደጇን ላልረገጠች ጎረቤት ለብቻ ድስት ልትጥድላት ነበር። እናቴ ሹራቧን ስትተረትር፣ ዮሳቤጥ ዶሮ ስትገዛ፣ ሁለቱ ለካ ታርቀው ጨርሰዋል፤ የቀራቸው መነጋገር ብቻ ነበር።

እኔ ይህን ስለማላውቅ ሁሉ ነገር በዚያች ካልሲ ላይ የተንጠለጠለ መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ከትራስ ሥር አወጣሁት። ለመጨረሻ ጊዜ ልመርምረው ብዬ እጄን ባንደኛው እግር ውስጥ ሰደድኩ። ጣቶቼ በዚያኛው ጫፍ ወጡ። ሌላውንም ሞከርኩ። እሱም ክፍት ነው! ወር ሙሉ ደክማ የጣቱን ቦታ መዝጋት ረስታለች።

ለማንም አትንገሪ ተብያለሁ፤ ማስተካከል ግን መንገር አይደለም። ሹራቡን ቀሚሴ ውስጥ ሸጉጬ ወደ ሀቦባ ሮጥኩ።

«ሀቦባ፣ ሹራብ ጫፉ ክፍት ከሆነ ምን ይደረጋል?» አልኳቸው በዐረብኛ።

«ይሰፋል እንጂ ልጄ! ጣት በርዶት ሊሞት ነው?» አሉ ሀቦባ፤ ክር መርፌ ውስጥ እንዳስገባላቸው የመርፌ ቆርቆሯቸውን አቀበሉኝ። ዓይናቸው ስለደከመ ይህ የዘወትር ሥራዬ ነበር። ቢጫ ክር አልነበራቸውም፤ ቀይ ሰጡኝ። ከእግራቸው ካልሲያቸውን አውልቀው ጫፉ እንዴት አጠፍ ተደርጎ እንደሚሰፋ አሳዩኝ። «ቋጠሮውን አጥብቂ፤ ልጅ ይረግጣል» ብለውም መከሩኝ። በራሳቸው ቋንቋ አንዲት ቃል አልተሳሳቱም።

አልጋ ሥር ገብቼ ሰፋሁት። ጣቴን ሦስት ጊዜ ወጋሁ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላሉ፤ እኔ ግን ለበዓል የሚበቃ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ። እንደነበረው በላስቲክ ጠቅልዬ ወደ ቦታው መለስኩት።

በገና ዕለት ከሰዓት በኋላ እናቴ የበዓል ቶቧን ተከናነበች፣ ላስቲኩን ብብቷ ሥር ያዘች፣ በሩ ላይ ደረሰችና ቆመች።

«ያላ ሁስና» አላት አባቴ።

«ልሂድ?»

«አምስት እርምጃ ነው፤ ረክሻ ላስነሳልሽ?» አላት።

ገባን። ዮሳቤጥ አልጋው ላይ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሀቦባ ቀድመውን ገብተው ወንበር ይዘዋል። ፍሬው ብድግ አለ። እናቴ ዚሩ አጠገብ ስትለማመደው የከረመችው ንግግር ረጅም ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብቻ ሆነ።

ዮሳቤጥ ቀና ብላ አየቻት። «ቆየሽ» አለቻት።

እናቴ ላስቲኩን ዘረጋችላት። «ለልጁ ነው። ይበርደዋል ብዬ…»

ዮሳቤጥ ሹራቡን አወጣችው። በመዳፏ ዳበሰችው፣ ከዚያ ቀለሙን አስተውላ እናቴን አየቻት። «ይኼ ያ ያንቺ…» አለችና ሳትጨርሰው ቀረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ልጁን አስተኝታ ልታለብሰው ጀመረች።

በዚያች ቅጽበት ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ኻልቶ ዮሳቤጥ የልጁን ጭንቅላት በሽንት ቀዳዳው አስገባችው! የተማረች ሴት! ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ እናቴ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ፣ በዓል ነው፣ ዘጋሁት። ዮሳቤጥ ቀጥላ የልጁን እጅ በካልሲው ሰደደችው። ጠበቀች። እጁ አልወጣም። በሌላኛውም በኩል ሰደደች፤ አልወጣም። ጫፉን ገልበጥ አድርጋ ስታይ ቀዩን ክር አየችው።

ፊቷ ተለወጠ። እኔ ተደስታ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ገላዬን ይቀፈኛል። የተጣላሽው ሰው ወር ሙሉ ጠፍቶ ይመጣል፤ አርባ ቀን ላልሞላው ልጅሽ ልብስ ያመጣል፤ የልብሱ እጅጌ በቀይ ክር ተሰፍቶ፣ በድርብ ቋጠሮ ታስሯል። እጁ ይታሰር ማለት ነው፤ ድግምት ነው። ዮሳቤጥ የተማረች ናት፣ እንዲህ ባለው ነገር አታምንም። ያን ቀን ግን አራስ ነበረች።

«ሁስና» አለች። ሁስኔ አላለችም። «ምንድን ነው ይኼ?»

እናቴ ጎንበስ ብላ አየች። ደሟ ከፊቷ ላይ ሲሸሽ አየሁት። «ወላሂ ዮሲ… እኔ አይደለሁም። ወላሂል አዚም እኔ አይደለሁም!»

ልቤ በኩራት ተሞላ። እናቴ የኔን ሥራ የራሷ ማድረግ አልፈለገችም፤ ምስጋናውን ለኔ እየተወችልኝ ነው። ወደ መሃል ገባሁ።

«እኔ ነኝ ኻልቶ! እኔ ነኝ የሰፋሁት። ዩማ ረሳችው። ጣቱ እንዳይወጣ ብዬ ነው።»

«የቱ ጣቱ?» አለች ዮሳቤጥ።

«የእግሩ! ደግሞ ገልብጠሽ ነው ያለበስሽው። እግሩ እዚህና እዚህ ነው የሚገባው።»

ሁሉም ወደ ሹራቡ ዞሩ። ምን እንዳልገባቸው ሊገባኝ አልቻለም። «ሹራብ አይደል?» አልኳቸውና እንዲያዩልኝ እግሬን አነሳሁ። ግራጫ ካልሲዬን አድርጌ ነበር፤ አውራ ጣቴ በቀዳዳው ብቅ ብላለች።

ፍሬው በዝግታ «መሃል ላይ ያለው ቀዳዳስ ሉጢ?» አለኝ።

«ለሽንት ነዋ!» አልኩት።

መጀመሪያ በሳቅ የፈነዳው ፍሬው ነው። ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ። አባቴ ከበሩ ላይ ተቀበለው። ሀቦባ ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁ አባቴ በዐረብኛ አስረዳቸው፤ እሳቸው ግን ተቆጡ። «ታዲያ ልጅቷ ምን አጠፋች? ሹራብ ሹራብ ነው! ክሩንም የሰጠኋት እኔ ነኝ! እናንተ ሐበሾች ካልሲ ራሳችሁ ላይ የምታጠልቁ ከሆነ የኔ ጥፋት ነው?» አሉ።

እናቴ መሬት ላይ ተዘርፍጣ ትስቅ ነበር። ስትስቅ ቆይታ ሳቋ መንገድ ላይ ተለወጠ፤ በቶቧ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። «እውነትሽን ነበር ዮሲ» አለች ከውስጥ። «ልጄ አማርኛዋ ጠፍቶባታል። ወር ሙሉ ጎኔ ተቀምጣ የምሠራውን አላወቀችውም። መዓሌሽ፤ በኔ ይሁንብሽ።»

«በኔ ይሁን እንጂ» አለች ዮሳቤጥ። በወሊዱ ምክንያት ፀጉሯ ይረግፍ ነበር፤ ግንባሯን እየዳበሰች «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔን ሁለቱም አገኘኝ» አለቻት። እንደገና ሳቁ።

እናቴ እንባዋን ጠርጋ ክሩን ለመፍታት መርፌ ፈለገች። ዮሳቤጥ እጇን ያዘቻት። «ተዪው ሁስኔ። ፊቱን እየቧጨረ አስቸግሮኛል፤ ይሄው እንዳይቧጭር ሆነ። የሉጢ ሥራ ነው፣ አይፈታም።» ሕፃኑ ቃለአብ ሁለቱን ቢጫ ጉቶዎች እያወዛወዘ ያየን ነበር። እውነትም እስከ ሙቀቱ ድረስ በቀይ ክር እንደተሰፋ ለበሰው፤ የጥፍሩ ጠባሳም ከፊቱ ላይ ጠፋ።

ለብቻ ከተጣደው ድስት ዶሮው ቀረበ። እናቴ ድስቱን ስታይ፣ አባቴን ስታይ፣ አባቴም ጣሪያውን ሲያይ ትዝ ይለኛል። ከምግቡ በኋላ እናቴ አልጋው አጠገብ ቆመች፤ ጣቷን ታፍተለትላለች።

«ያን ቀን ተቀመጪ ያልሽኝ…» አለች። «አሁንም ቦታ አለ?»

ዮሳቤጥ ልጇን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረችና ጠጋ አለችላት። እናቴ ተቀመጠች።

እኔም በልቤ፣ ይኼን ያህል ወር ከመጣላት ያኔውኑ ብትቀመጥ ምን ነበረበት አልኩ።

በሚቀጥለው አርብ አልጋው ላይ ሦስት ሆንን፦ እኔ፣ እናቴ፣ መሃላችን ደግሞ ቃለአብ። እናቴ ከኔ ትዘገይ ነበር፤ ግን አንዴ የያዘችውን ፊደል አትለቅም። በሰኔ ወር መዳሟ ቤት አንድ ወረቀት ሲመጣባት አውራ ጣቷን እንድታቀርብ ቀለም አመጡላት። «ቀለሙ ይቅር፣ እስክሪብቶ ስጡኝ» አለቻቸው። ሁ፣ ስ፣ ና። አባቴ ሦስቱን ፊደል ረክሻው ጀርባ ላይ አስጽፎት ነበር፤ ሰዎች የሰፈር ስም ይመስላቸዋል።

ከተማዋ ስትታመስ ሁላችንም ተበታተንን። ዮሳቤጥና ፍሬው ካምፓላ ናቸው፤ ቃለአብ ጢም አብቅሏል፣ ፎቶ ሲላክ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል፣ እናቴም «ምነው፣ አሁንም ሰፍታችሁበታል?» ትላቸዋለች። እናትና አባቴ ገዳሪፍ ናቸው። እኔ ባል አግብቼ ደሴ ገብቻለሁ፤ አሁን የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። አማርኛዬን ሥራ ቦታ ዛሬም ይስቁበታል፤ የጠፋው ገና ሙሉ በሙሉ አልተገኘም።

ባለፈው ሳምንት ከእናቴ መልእክት መጣልኝ። ድምፅ መላክ ትችላለች፤ እሷ ግን መጻፍ ነው የምትወደው። አንዷን ፊደል ፈልጋ እስክትጫን ስልኩ «እየጻፈች ነው፣ እየጻፈች ነው» ይላል፤ እኔም ሥራዬን ትቼ እጠብቃታለሁ።

«ሉጢ» ይላል። «ሹራብ ጀምሬያለሁ። ያማርኛውን ነው። ለኢድ ይደርሳል ኢንሻአላህ። እጅጌውን እንዳትሰፊው።»

«ፊቱን ቢቧጭርስ ዩማ?» ብዬ መለስኩላት።

ረጅም ጊዜ ጻፈች፤ ጠበቅኋት።

«ቀዩን ክር አብሬ እልካለሁ» አለችኝ።